ካምቢዮው ሲለወጥ ሻንሲው ምን ይላል?

አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ያለው ሰው ካምቢዮውን በሌላ ዓይነት ለመተካት ሲያስብ በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ «ይገጥማል ወይ?» የሚል ነው። ሜካኒኩም ሜትሩን አውጥቶ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የቡሎኖቹን ቀዳዳ ይለካል፤ የማይገጥም ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ የሚያደናቅፈውን ብረት ቆርጦ ቦታ ያበጅለታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁንና ሙሉ አይደለም። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። እርሱም «ሊቆረጥ በታሰበው ብረት ውስጥ የሚያልፈው ጉልበት ነገ በየት በኩል ያልፋል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተቆረጠ ሻንሲ ከጋራዥ ሲወጣ ጤነኛ ይመስላል። ጉዳቱ የሚገለጸው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት በሚወርድበት ሰዓት ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ መኪና ምሳሌ አድርገን የካምቢዮ ለውጥ በሻንሲ ላይ የሚያስከትለውን ነገር ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን። ምሳሌያችን አሜሪካዊ ቢሆንም ሕጉ አገር አይመርጥም። በአገራችን «ኤንትሬ» በሚል ስም የሚታወቀው ፊያት 682 ኤን 3ም ሆነ ዛሬ በየመንገዱ የምናየው አይሱዙ የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

መኪናውና የለውጡ ምክንያት

የሸቭሮሌት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ ያመረታቸው ፒክአፖች ዛሬ በአሜሪካ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ናቸው። ከእነዚህ መካከል 3100 የሚባለው ግማሽ ቶን ፒክአፕ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ የነበረው ሲሆን፣ በከፍተኛው ማርሽ ሞተሩና ወደ ኋላ የሚሄደው አስተላላፊ ዘንግ በእኩል ፍጥነት ይሽከረከራሉ። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ ደግሞ 4.11 ነው፤ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 4.11 ጊዜ ይዞራል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። የጎማው ዲያሜትር 71 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል ዙሪያው 2.23 ሜትር ይሆናል። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በደቂቃ ወደ 747 ጊዜ፣ ሞተሩ ደግሞ ወደ 3,070 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። የዚያን ዘመን ሞተር፣ በተለይም የፒስተን ዘንጎቹ ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው በእርጭት የሆነው የ216 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ በዚህ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ የታሰበ አልነበረም። ስለሆነም ባለቤቶቹ አምስተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ይፈልጋሉ። ከእነዚህም አንዱ ቦርግ ዋርነር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቲ5 ነው። የአምስተኛ ማርሹ ምጣኔ እንደየሞዴሉ የሚለያይ ሲሆን፣ ለስሌታችን 0.73 ብንወስድ የሞተሩ ዙር ከ3,070 ወደ 2,240 ይወርዳል። ድምፁ ይቀንሳል፤ የሞተሩም ዕድሜ ይረዝማል። ፈተናው የሚጀምረው ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር ማገናኘት ሲፈለግ ነው።

አሮጌው ካምቢዮ ምን ተሸክሞ ነበር?

ካምቢዮ ማርሾችን የያዘ ሳጥን ብቻ ከመሰለን እንሳሳታለን። በ3100 ፒክአፕ ላይ ሞተሩ ከፊት በኩል በአንድ ስፍራ፣ ከኋላ ደግሞ በፍሪሲዮኑ ቤት ግራና ቀኝ ተደግፎ ይቀመጣል። እነዚህ የኋላ ድጋፎች የሚያርፉት የሻንሲውን ሁለት ረጃጅም ብረቶች በሚያገናኝ አግዳሚ ብረት ላይ ነው። ይህ አግዳሚ ክብደት ብቻ አይሸከምም። ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ጉልበት ይሰጣል፣ የአንደኛ ማርሹም ምጣኔ 4 ነው እንበል። ከካምቢዮው የሚወጣው ጠምዛዥ ጉልበት 800 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሞተሩና ካምቢዮው በአንድነት በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው 800 ኒውተን ሜትር ለመገልበጥ ይሞክራሉ። ድጋፎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ከተቀመጡ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች በ2,000 ኒውተን ይገፋሉ። ይህም የ200 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። አሽከርካሪው ፍሪሲዮኑን በድንገት በለቀቀ ቁጥር ይህ ግፊት እየተፈራረቀ ይመጣል።

በዚህ መኪና ላይ ሌላም ነገር አለ። አስተላላፊው ዘንግ እንደ ዛሬዎቹ ገላጣ ሳይሆን በቱቦ ውስጥ የተሸፈነ ነው። የቱቦው የኋላ ጫፍ ከዲፈረንሻሉ ጋር ጥብቅ ሆኖ ተያይዟል፤ የፊት ጫፉ ግን በድቡልቡል መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጀርባ ጋር ይገናኛል። ቱቦው አቧራ ከመከላከል በላይ ሥራ ነበረው። ከላይ ያገኘነው 800 ኒውተን ሜትር በ4.11 ሲባዛ ወደ 3,300 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ የኋላ አክስሉም በዚህ መጠን አፍንጫውን ወደ ላይ ለማንሳት ይታገላል። አክስሉን ከዚህ የሚገታው በዋነኛነት ያ ቱቦ ነበር። አዲሱ ካምቢዮ ለድቡልቡል መጋጠሚያ የሚሆን ጀርባ ስለሌለው ቱቦው ይወገዳል፤ ብዙውን ጊዜም የኋላ አክስሉ ለገላጣ ዘንግ በተሠራ ሌላ አክስል ይተካል። ያን ጊዜ ጠምዛዡን ጉልበት ባሌስትራዎቹ ብቻቸውን ይረከባሉ። እንግዲህ ካምቢዮ ለወጥን ስንል የጉልበቱን መንገድ ከሞተሩ እስከ ጎማው ለወጥን ማለታችን ነው።

ከጋሊልዮ እስከ ገለልተኛው መስመር

የሻንሲው ረጃጅም ብረቶች እንደ ላቲኑ «ሲ» ፊደል የታጠፉ ናቸው። አንድ ቋሚ ግድግዳ፣ እንዲሁም ከላይና ከታች አንዳንድ ከንፈር አላቸው። ጭነት ሲያርፍባቸው ለመጉበጥ ይሞክራሉ።

የጉብጠትን ሳይንስ በጽሑፍ ካነሱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ጋሊልዮ ነው። በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጫፉ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ በሌላው ጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበትን እንጨት መርምሯል። የእንጨቱ ጥንካሬ ከስፋቱ ይልቅ ከቁመቱ ጋር በእጅጉ እንደሚጨምር በትክክል አስተውሏል። ሆኖም እንጨቱ በሙሉ በእኩል መጠን እንደሚወጠር፣ የሚዞረውም በታችኛው ጠርዙ ላይ እንደሆነ በመገመቱ ተሳስቷል። ኩሎም በ1773፣ በኋላም ናቪዬ በ1826 ያቀረቧቸው ሥራዎች ነገሩን አጠሩት። የሚጎብጥ ብረት አንዱ ወገኑ ይወጠራል፤ ሌላው ወገኑ ይታመቃል፤ በመካከላቸው ደግሞ የማይወጠርና የማይታመቅ ገለልተኛ መስመር አለ። ጫናው፣ ማለትም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጉልበት፣ በዚህ መስመር ላይ ዜሮ ሲሆን ከመስመሩ በራቀ መጠን ያድጋል። ከፍተኛ የሚሆነው በከንፈሮቹ ላይ ነው።

ይህ ዕውቀት ለመሰርሰሪያው ባለቤት ምን ይጠቅመዋል? ቁመቱ 150፣ የከንፈሩ ስፋት 60፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የ«ሲ» ቅርጽ ብረት እንውሰድ። የካምቢዮ መደገፊያ ለማሰር 20 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ያስፈልጋል እንበል። ቀዳዳውን በቋሚው ግድግዳ መካከል ብንበሳው ብረቱ ጉብጠትን የመቋቋም ግትርነቱ የሚቀንሰው ከአንድ ሺህኛ ባነሰ መጠን ነው። ያንኑ ቀዳዳ በታችኛው ከንፈር ላይ ብንበሳው ግን በዚያ ቦታ ከ100 እጅ 13 ያህሉን ያጣል። ገለልተኛው መስመርም ወደ ላይ ስለሚሸሽ በታችኛው ከንፈር ላይ ያለው ጫና ወደ 25 በመቶ ይጨምራል። መሰርሰሪያው ያው ነው፤ ቀዳዳውም ያው ነው፤ በጉዳት ረገድ ግን ልዩነቱ ከ150 እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ የተነሳ የጭነት መኪና አምራቾች በመመሪያዎቻቸው ከንፈርን መብሳት ሲከለክሉ እናያለን።

ትንሽ ጠርዝ፣ ትልቅ ስንጥቅ

እስካሁን ያሰላነው የጫናውን አማካይ ነው። ኪርሽ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1898 እንዳሳየው፣ በሚወጠር ሰፊ ዝርግ ብረት ላይ ክብ ቀዳዳ ሲኖር በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ጫና ከሌላው ሦስት እጥፍ ይሆናል። በ1913 ኢንግሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እየሾለ በሄደ መጠን ጫናው ከሦስት እጥፍም እንደሚያልፍ አረጋገጠ። አንባቢ ይህን በወረቀት መሞከር ይችላል። ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮች ወስዶ በአንዱ ጠርዝ ላይ በመቀስ ጥቂት ይሰንጥቅ፤ በሌላው ላይ ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው የግማሽ ክብ ቅርጽ ይቁረጥ። ሁለቱንም ግራና ቀኝ ቢጎትት የተሰነጠቀው ቀድሞ ይቀደዳል። በጋዝ እሳት የተቆረጠ፣ ማዕዘኑም ያልለሰለሰ የሻንሲ ክፍተት የተሰነጠቀውን ወረቀት ይመስላል።

ብረት ግን እንደ ወረቀት በአንድ ጉተታ አይቀደድም፤ ይደክማል። ግንቦት 8 ቀን 1842 እ.ኤ.አ. በቬርሳይ አቅራቢያ የአንድ ባቡር አክስል ተሰብሮ በደረሰው አደጋ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት አክስሉ ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ያገለገለ ነበር። ይህና ይህን የመሳሰሉ አደጋዎች ጠበብትን አነቃቁ። በጀርመን ኦገስት ቮለር በምድር ባቡር አክስሎች ላይ ለዓመታት ባደረገው ሙከራ፣ ብረት በአንድ ጊዜ ጭነት ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጫናም ቢሆን ጫናው ከተደጋገመበት እንደሚሰበር አረጋገጠ። ጭነት የያዘ መኪና ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲሄድ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ የጫና ዙር ነው። ሻንሲው ይቆጥራል፤ እኛ አንቆጥርም።

ብየዳ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ቀልጦ የረጋው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አካባቢውን ወጥሮ ያስቀረዋል፤ በብየዳው ጠርዝም ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ጭረቶች ይቀራሉ። በምህንድስና ደንቦች ዘንድ ለተበየደ መጋጠሚያ የሚሠራበት ግምት፣ ጫናው በሁለት እጥፍ ሲያድግ መጋጠሚያው የሚችለው የዙር ቁጥር ወደ ስምንተኛ እጅ እንደሚወርድ ነው። በዚሁ ስሌት የ25 በመቶ የጫና ጭማሪ ዕድሜውን በግማሽ ያሳጥራል። ስለዚህ በከንፈር ላይ ቀዳዳ በስቶ በአጠገቡ መደገፊያ የሚበይድ ሰው ሁለቱን ጉዳቶች በአንድ ቦታ አገናኝቷል ማለት ነው።

የካርቶን ጥቅል ሙከራ

ጉብጠትን ካየን ጥምዘዛን እንይ። አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሻንሲው እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል። የጥምዘዛን ጠባይ ለመረዳት ከካርቶን የተሠራ፣ ወረቀት የሚጠቀለልበት ባዶ ቱቦ ይበቃል። ሁለቱን ጫፎች ይዘን ብንጠመዝዘው አይበገርም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር በምላጭ ሰንጥቀን እንደገና ብንጠመዝዘው ግን በቀላሉ ይታዘዛል። ከካርቶኑ የተቀነሰ ነገር የለም፤ የተለወጠው ዝግ የነበረው ቅርጽ ክፍት መሆኑ ነው።

ከላይ የወሰድነው የ«ሲ» ብረት ክፍት ቅርጽ ነው። ክፍቱን ጎን በዚያው ውፍረት ባለው ዝርግ ብረት ብንደፍነውና ሳጥን ብናደርገው ጥምዘዛን የመቋቋም ግትርነቱ ወደ 300 እጥፍ ያድጋል። ብዙዎች አግዳሚውን ቆርጠው ካወጡ በኋላ ረጃጅሞቹን ብረቶች በዚህ መንገድ የሚደፍኑት ስለዚህ ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የአሮጌ መኪና ሻንሲ መንገዱን ተከትሎ በመጠኑ እንዲተጣጠፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ከመካከሉ 60 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ግትር ብናደርገው መተጣጠፉ በሙሉ ከደፈንነው ክፍል ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም እዚያ ይወለዳል። ስለዚህ የመድፈኛው ብረት ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆረጥ የለበትም። እንደ ጦር እየሾለ ቢያልቅ ግትርነቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

አግዳሚው ብረት ደግሞ ረጃጅሞቹን ብረቶች ከመጠማዘዝና ከመንሻፈፍ የሚጠብቅ ነው። አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ እንዳይንሸራተት የሚያግደውም እርሱ ነው። እርሱን አውጥቶ ምንም ሳይተኩ መተው ከጠረጴዛ እግሮች ማገናኛውን እንደ ማውለቅ ነው፤ ጠረጴዛው ይቆማል፣ ግን ይወዛወዛል።

አንድ ዲግሪ ስንት ነው?

የአዲሱ አግዳሚ ከፍታ በግምት የሚወሰን አይደለም። ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ በሁለት ጫፎቹ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መጋጠሚያዎች አሉት፤ የጋራዥ ሰዎች ክሮቸራ ይሏቸዋል። አንድ ክሮቸራ ዘንጎቹን በማዕዘን ሲያገናኝ አንደኛው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሌላው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 3 ዲግሪ ሲሆን መፍጠንና መዘግየቱ 0.14 በመቶ ብቻ ነው። በ10 ዲግሪ 1.5 በመቶ፣ በ15 ዲግሪ ደግሞ 3.5 በመቶ ይደርሳል። የካምቢዮው ጀርባና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ ከሆኑ፣ ሁለቱ ክሮቸራዎችም በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ፣ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያርመዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። አምስተኛው ማርሽ የሞተሩን ዙር ወደ 2,240 ያወርዳል ብለናል፤ የአስተላላፊውን ዘንግ ዙር ግን አያወርደውም። ዘንጉ የሚታሰረው ከጎማው ጋር ስለሆነ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ አሁንም በደቂቃ 3,070 ጊዜ ይዞራል። ማዕዘኑ ከተሳሳተ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከ100 በላይ ምቶች ወደ ካምቢዮው ድጋፍ፣ ከዚያም ወደ አዲሱ አግዳሚና ወደ ብየዳው ይተላለፋሉ። ይህ የቮለርን ሙከራ በመንገድ ላይ እንደ መድገም ነው። ከፊተኛው ድጋፍ እስከ ኋለኛው አንድ ሜትር ቢኖር የአንድ ዲግሪ ልዩነት 17.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አግዳሚው ከመበየዱ በፊት የሚደረግ የጥቂት ሚሊ ሜትር ማስተካከል የመኪናውን ዕድሜ ይወስናል።

ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይሠራ?

ከላይ ያየነው ሁሉ በተግባር ሲጠቃለል የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ፣ በራሱ ጎማዎች ወይም በአክስሎቹ ሥር በተቀመጡ ድጋፎች ላይ ይቁም፤ ሻንሲውም ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ይለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ከመቁረጥ በፊት ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች በጊዜያዊ ማገናኛ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አሮጌው አግዳሚ ሲወጣ ብረቶቹ ቦታቸውን ይለቃሉ። በአካባቢው ያሉት የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ከእሳት ይራቁ።

ሦስተኛ፣ አሮጌው አግዳሚ የሚወጣ ከሆነ በእሳት ከመቁረጥ ይልቅ ሪቬቶቹን ሰርስሮ ማውጣት ይሻላል፤ ቀዳዳዎቹ ለአዲሱ አግዳሚ ያገለግላሉ። አራተኛ፣ ሞተሩና ካምቢዮው በታሰበላቸው ቦታ በጊዜያዊ ድጋፍ ተቀምጠው የዘንጉ ማዕዘን ይለካ። ሞተሩ ከጎን አዲስ ድጋፎች የሚያስፈልጉት ከሆነም አሁን ይወሰን። አምስተኛ፣ አዲሱ አግዳሚ በቋሚው ግድግዳ ላይ፣ ከገለልተኛው መስመር ብዙ ሳይርቅ፣ ለቀዳዳው ልክ በሆነ ጠንካራ ቡሎን ይታሰር። ቡሎን በደንብ ሲጠብቅ ሁለቱን ብረቶች በሰበቃ ያያይዛል፤ የሙቀት ጉዳት አያመጣም፤ ሲያስፈልግም ይፈታል። ብየዳ ግድ ከሆነ ከንፈሩን አቋርጦ መሄድ የለበትም፤ ጠርዙም ይለስልስ።

የመፍታት ነገር ለአሮጌ መኪና ልዩ ትርጉም አለው። የ3100 ፒክአፕ ሻንሲ ዛሬ አይመረትም። በቡሎን የተሠራን ለውጥ የነገው ባለቤት መልሶ ሊያርመው ይችላል፤ በእሳት የተቆረጠውን ግን አይችልም።

ለእኛስ?

በአገራችን ጋራዦች ሞተርና ካምቢዮ ማቀያየር አዲስ ነገር አይደለም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው ከእኛው ቋንቋ ጋር የተዋሃዱት ሙያው ረጅም ዕድሜ ስላለው ነው። መለዋወጫ በማይገኝበት ጊዜ የሌላውን መኪና ካምቢዮ አስተካክሎ የሚገጥም ባለሙያ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን መኪና ሥራ ላይ ያቆያል። «ከንፈሩን አትንካ» ብሎ ለረዳቱ የሚነግር አንጋፋ ሜካኒክ የናቪዬን ስም ባይሰማም ሕጉን ያውቃል። በሌላ በኩል የጉብጠትን ቀመር በቃሉ የሚወጣ ተማሪያችን ቀመሩ ከመኪና ሥር እንዳለ አይገነዘብ ይሆናል። የሁለቱ መራራቅ ዋጋ የሚያስከፍለው በመንገድ ላይ ነው፤ ዋጋውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት ስለ ሻንሲው ምንም የማያውቁ ተሳፋሪዎችና እግረኞች ናቸው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ቀላል የቤት ሥራ እንሰጣለን። ወደ አንድ ጋራዥ ሄደው፣ ባለሙያውን በአክብሮት አስፈቅደው፣ ስንጥቁ የተበየደለትን የጭነት መኪና ሻንሲ ይመልከቱ። ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ይፈልጉ፤ ከከንፈር ቀዳዳ ነው? ከሾለ ማዕዘን ነው? ከብየዳ ጫፍ ነው? ወይስ ግትር ክፍል ካለቀበት ቦታ? ያገኙትን ለባለሙያው ያስረዱ፤ እርሱ የሚለውንም ያዳምጡ። ከዚያ ጋራዥ በኋላ የሚቆረጠው ሻንሲ «ይገጥማል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ጉልበቱ በየት ያልፋል?» የሚለው ከተጠየቀለት ሁለቱም ወገኖች ተምረዋል።